የሞገድ ማሳያ ከስኮችና ከጥብስ እንጨት፣ ጎን ለጎን ደግሞ ግስ ፍለጋ (ጅማ)

መጀመሪያ፦ ዕቃ

የሚሠራው ነገር ይሄ ነው፣ ለሰፈራችን የልጆች ንባብ ቤት የሚሆን የሞገድ ማሳያ፣ ስሩ ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ አጭር ጽሑፍ። ነገሩን ያመጣው አንድ የእንግሊዝኛ የሳይንስ መጽሐፍ ነው፣ "አንዱሌት" የሚል ግስ አንዴ ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ስዕል ስር፣ አንዴ ደግሞ የኮረብታ ፎቶ ስር ተጽፏል። ልጆቹ መዝገበ ቃላት ገልጠው "ተወዛወዘ" የሚል አገኙ፣ ኮረብታ እንዴት ነው የሚወዛወዘው ብለው ንባብ ቤቱን የምትይዘውን እህታችንን ወጥረው ያዟት፣ እሷ ደግሞ እኔን ያዘችኝ።

ማሽኑን እኔ አልፈለሰፍኩትም። መነሻው ቤል ላብስ የሚባል የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ሻይቭ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ውስጥ በተወጠረ ሽቦ ላይ የብረት ዘንጎች ደርድሮ አንዱን ጫፍ ሲነካ ሞገዱ በዓይን እስኪቆጠር ድረስ በቀስታ ይሄዳል። አሁን በየትምህርት ቤቱ የሚሠራው ርካሹ ዓይነት ስኮችና የጥብስ እንጨት ነው፣ እኔም እሱን ነው የያዝኩት።

ወጪ እስካሁን፦ ሰፊ ስኮች (5 ሴሜ) 2 ጥቅል 240 ብር፣ 30 ሴሜ የሆነ የጥብስ እንጨት አንድ እሽግ 180፣ ትንሹ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀው) 100 ፍሬ 300። ለመቆሚያው የሚሆን ሞራሌ (የቤት መሥሪያ እንጨት) ቤት ሲሠራ የተረፈ ነበረኝ። ጫፎቹን የሚይዙ ሁለት ሞርሳ (የብረት መቆንጠጫ) ከሰፈር ጋራዥ ተዋስኩ፣ እስከ ቅዳሜ መልስ ተብያለሁ። ዳዶውን ሄርማታ በኩል ካሉ ሱቆች ነው ያገኘሁት፣ ባለሱቁ በፍሬ አልቆጥርም በሚዛን ውሰድ ብሎ ትንሽ ተጨቃጨቅን።

የቀርከሃው ሙከራ

የጥብስ እንጨት ከማግኘቴ በፊት ቀርከሃ ሰንጥቄ ነበር፣ ነፃ ስለሆነ። አልሆነም። በቢላ የተሰነጠቀ ቀርከሃ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆናል፣ አንዱ ጎኑ ይከብድና ገና ሳትነካው ተጋድሞ ይቀመጣል፣ ሞገድ ስትልክ ደግሞ እያንዳንዱ ከባድ እንጨት ጋ ሲደርስ ትንሽ ትንሽ እየተሰበረ ወደኋላ ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ምኑም ያልለየለት መንቀጥቀጥ ነው። ግን ከዚህ አንድ ነገር ይያዛል፣ ሞገድ የሚመለሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ አይደለም፣ ክብደት በተቀየረበት ቦታ ሁሉ ከፊሉ ይመለሳል። ይሄን በኋላ ሆን ብዬ ልጠቀምበት ነው።

ስኮቹን መዘርጋት

አሠራሩ፦ ስኮቹን የሚጣበቀው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ 2 ሜትር ከ40 መሬት ላይ ትዘረጋለህ፣ እንጨቶቹን በየ 5 ሴሜው አግድም ታስቀምጣለህ፣ ከዛ ሁለተኛ ስኮች ከላይ ትደርብበታለህ። ሲሰሙት ብቻ ነው ቀላል። ስኮች ፊቱን ገልብጠህ ስትዘረጋው ይጠቀለላል፣ አቧራ ይለቅማል፣ ድመት ካለችህ ደግሞ በቃ። ሁለቱን ጫፍ በምስማር መሬቱ ላይ ባለው ጣውላ ወጥሬ ነው የገታሁት።

ዋናው ነገር መሀሉን ማግኘት ነው። እንጨቱ በአንድ በኩል 15 በሌላ በኩልም 15 ካልሆነ ያጋድላል። ካርቶን ላይ ሁለት ምስማር በ30 ሴሜ ርቀት መትቼ፣ መሀሉን በእስክሪብቶ አስምሬ፣ እያንዳንዱን እንጨት እሱ ላይ እያስቀመጥኩ ምልክት አደረግኩበት። ወደ 50 እንጨት ነው፣ አንድ ማታ ፈጀ፣ መብራት ስለጠፋ ግማሹ በሞባይል መብራት።

ሲወጠር ወዲያው ሠራ። የመጀመሪያውን እንጨት ጫፍ ጫን አድርገህ ስትለቀው እብጠቱ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተሻገረ ሌላኛው ጫፍ ይደርስና ተመልሶ ይመጣል። በስልክ ቀስ የሚል ቪዲዮ ቀርጬ ለካሁት፣ 2.4 ሜትሩን በ3 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል፣ ማለት በሰከንድ 80 ሴሜ አካባቢ። ስኮቹን ጠበቅ አድርገህ ስትወጥረው ይፈጥናል። ለልጆች ግን ይሄ ፍጥነት በዛ፣ ዓይን ሳይዘው ያልፋል።

የግሱ ሥራ

እዚህ ጋ ማሽኑን ትቼ ጽሑፉን ልጀምር አልኩ፣ ቀላል መስሎኝ። "ሞገድ ማለት የነገሮች መወዛወዝ ነው" ብዬ ጻፍኩና አየሁት፣ አይሆንም። ዥዋዥዌም ይወዛወዛል፣ የግድግዳ ሰዓት ዘንግም ይወዛወዛል፣ ግን የትም አይሄድም። እዚህ የሚታየው ነገር ግን ሄዷል። ስለዚህ ሌላ ግስ አለ ወይ ብዬ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ የማውቃቸውን መጻፍ ጀመርኩ፣ እያንዳንዱ ስር ሰው ከምን ጋር ሲለው እንደሰማሁ።

ተወዛወዘ፦ ቅርንጫፍ፣ ዥዋዥዌ፣ ሰው። ውዝዋዜና ተወዛዋዥ ከሱ ነው የመጡት፣ ስለዚህ አካል ባለበት ቆሞ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው የሚገባው።

ተውለበለበ፦ ባንዲራ፣ ነጠላ። ይሄ ወደ ሞገድ በጣም ይጠጋል፣ ምክንያቱም አንድ ጎኑ የታሰረ ጨርቅ ላይ ነፋሱ ያነሳው እብጠት ከምሰሶው ተነስቶ ወደ ነፃው ጫፍ ይሮጣል። ግን እንጨት ይውለበለባል ብትል ይሳቅብሃል፣ ጨርቅነት ይፈልጋል።

ተርገበገበ፦ ክንፍ፣ የዓይን ሽፋሽፍት፣ ከሰል ላይ የሚታየው ማርገብገቢያ። ፈጣንና አጭር ነው። ደግሞ ለሰው ሲሆን ትርጉሙ ይዞርና "ለልጆቿ ትርገበገባለች" ይሆናል፣ እዛ ሞገዱ የለም ስስቱ ነው ያለው።

ተዘናፈለ፦ ፀጉር፣ የደረሰ እህል። ነፋስ ጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ በዓይን የሚታየው ነገር ትክክለኛ ሞገድ ነው፣ ግን ቃሉ የሚነግርህ ስለ ጤፉ ብዛትና ለስላሳነት ነው፣ ስለ እንቅስቃሴው ሁለተኛ ነው።

ተጥመለመለ፦ እባብ። የኢሉ ስዕል ስር የሚገባው ይሄ ነው ብዬ ቆርጫለሁ፣ ተወዛወዘ ብሎ የጻፈውን መዝገበ ቃላት አልከተልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ኢል ባለበት ቆሞ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው፣ በዚሁ ነው የሚሄደው። ሞገዱ ከጭንቅላቱ በኩል ተነስቶ በሰውነቱ ወደ ጅራቱ ይወርዳል፣ ውሃውን ወደኋላ ይገፋል፣ ዓሣው ወደፊት ይሄዳል። ደግሞ ሞገዱ ወደኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ዓሣው ወደፊት ከሚሄድበት ይበልጣል፣ ውሃ እንደ መሬት ጠንካራ ስላልሆነ ከፊሉ ያመልጠዋል። ተጥመለመለ ስትል ጉዞውም አብሮ ይሰማል፣ ተወዛወዘ ስትል አይሰማም።

ተገማሸረ፣ ተናወጠ፦ ትልቅ ውሃ። ገማሸረ የሚለውን ለኛ ወንዝ ለአዌቱ ልንለው አንችልም፣ ክረምት ሞልቶ ካልሆነ። ተናወጠ ደግሞ ረብሻ አለበት፣ ነውጥ ከሱ ነው። ሞገደኛ የሚለውም እንደዛው፣ ሰው ላይ ሲሆን ሞገድ ማለት አመል ነው።

ዋዠቀ፦ ዋጋ። ጅማ ላይ ይሄን ቃል ያለ ቡና የሚያወራበት ሰው የለም፣ "ዘንድሮ ዋጋው እየዋዠቀ ነው" ይላሉ። ከፍ ዝቅ አለበት ግን እኩል የሆነ ምት የለበትም፣ ስለዚህ ለኛ ማሽን አይሆንም፣ የኛ ምት አለው።

ነዘረ፦ መብራት ሲይዝህ። ንዝረት በትምህርት ቤት ቋንቋ ገብቷል፣ ግን ለትንንሽና ለማይታይ ነገር ነው፣ የስልክ ንዝረት ምናምን።

ሞገድ ከሚለው ስም በቀጥታ የወጣ ግስ በአፍ ሲባል አልሰማሁም። እንግሊዝኛው በዚህ ተመችቶታል፣ አንዱሌት የሚለው ከላቲኑ ኡንዳ ነው የመጣው፣ ኡንዳ ማለት ሞገድ ነው፣ ሞገዱ ግሱ ውስጥ ተቀምጧል። ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይም ይውላል፣ ቅርጹ ብቻ ሞገድ ከመሰለ ይበቃዋል፣ ኮረብታው ፎቶ ስር የገባው በዚህ ነው። በኛ ይሄ ፈጽሞ ሌላ ቃል ነው። ጅሬን ላይ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ቆመህ ወደታች ብታይ መሬቱ አንዱሌት ያደርጋል ይልሃል ፈረንጁ፣ እኛ ወጣ ገባ ነው እንላለን፣ ወይ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ለልጆቹ ይሄን ስነግራቸው የኮረብታው ጥያቄ እዛው አለቀ።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስደረድራቸው ያየሁት፣ ብዙዎቹ ውስጥ ድምፁ ራሱ ይደገማል። ውለበለበ፣ ርገበገበ፣ ጥመለመለ፣ ወዛወዘ፣ ንቀጠቀጠ፣ ርገፈገፈ። ለበ ለበ፣ ገበ ገበ፣ መለ መለ። የተደጋገመ እንቅስቃሴ አማርኛ ሲናገር ፊደሉን ደጋግሞ ነው የሚናገረው። ዋዠቀ ላይ ይሄ የለም፣ ዋጋም እንደዛ በምት አይሄድም፣ አጋጣሚ ይሁን አይሁን አላውቅም ግን ደስ አለኝ።

ዳዶ መጫን

ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ሞገዱን ማዘግየት ከተፈለገ እንጨቱን ለመዞር የሚያስቸግር ማድረግ ነው፣ ያ ማለት ጫፉ ላይ ክብደት። በእያንዳንዱ እንጨት ሁለት ጫፍ ትንሹን ዳዶ ሰካሁ። አንዳንዱ ልቅ ሆነ፣ ናስትሮ እየጠቀለልኩ አጠበቅኩት፣ የቀረውን በኮላ።

አሁን 2.4 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ገደማ ነው የሚጨርሰው፣ ግማሽ ፍጥነት። ግማሽ የሆነው ክብደቱ እጥፍ ስለሆነ አይደለም፣ ለመዞር ያለው እንቢታ አራት እጥፍ አካባቢ ስለሆነ ነው፣ ፍጥነቱ በስኩዌር ሩት ነው የሚወርደው። የዳዶው ቦታም ብዙ ይለውጣል። ሁሉንም ከጫፍ ወደ መሀል ገፋ አድርጌ፣ ከጫፉና ከስኮቹ እኩል ቦታ ላይ ሳስቀምጠው ዳዶው የሚጨምረው እንቢታ ወደ ሩብ ወረደና ሞገዱ ወደ 4 ሰከንድ ተመለሰ። ያው ዳዶ፣ ያው እንጨት። ይሄን ለትልልቆቹ ልጆች አቆይቼዋለሁ፣ ጽሑፉ ላይ አይገባም።

ከዛ ዳዶውን ከግማሹ አወጣሁት፣ ግማሹ ከባድ ግማሹ ቀላል ሆነ። ቀርከሃው ሲያበላሸው የነበረው ነገር አሁን በሥርዓት መጣ፣ ሞገዱ ድንበሩ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ይመለሳል ሌላው ያልፋል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሲገባ እብጠቶቹ ይቀራረባሉ። እጅህ ላይ ያለው ምት አልተቀየረም፣ ፍጥነቱ ነው የወረደው፣ ፍጥነት = ድግግሞሽ × የሞገድ ርዝመት፣ ስለዚህ ርዝመቱ ማጠር አለበት። በእስክሪብቶ ተጽፎ ለዓመታት ያየሁትን ነገር ወለል ላይ በሜትር ስለካው መጀመሪያዬ ነው።

ጫፉ

መጨረሻው እንጨት በሞርሳ ከታሰረ፣ ወደ ላይ የሄደው ሞገድ ወደ ታች ተገልብጦ ይመለሳል። ሞርሳውን ፈትቼ ስኮቹን ከመጨረሻው እንጨት ቀጥሎ በሲባጎ ሳስረው፣ እንጨቱ እንደልቡ መዞር ስለቻለ ሞገዱ ሳይገለበጥ፣ ወደ ላይ እንደነበረ መጣ። ልጆች ይሄን በጣም ይወዱታል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አስማት ይመስላል።

ያስቸገረኝ ሞገዱን ማጥፋት ነው። እየተመለሰ ከሚመጣው ጋር ስለሚጋጭ ዓይን ይደናገራል። መጨረሻው እንጨት ጫፍ ላይ ከጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ አንጠልጥዬ ውሃ ሳህን ውስጥ አስገባሁት። ብዙ ሲጠልቅ እንደታሰረ ጫፍ ይሆንና ገልብጦ ይመልሳል፣ ትንሽ ብቻ ሲነካ እንደ ነፃ ጫፍ ሳይገለብጥ ይመልሳል፣ መሀል ላይ አንድ ቦታ አለች ሞገዱ ገብቶ የሚቀርባት። እሷን ለማግኘት ሳህኑ ስር መጽሐፍ እየደራረብኩ ከፍ ዝቅ አደረግኩት። ስታገኛት ደስ ይላል፣ ትልካለህ፣ ይሄዳል፣ አይመለስም። ግን ንባብ ቤት ውስጥ ውሃ ሳህን አይሆንም፣ እህታችን ገና ስትሰማ "ወንድሜ፣ መጽሐፌ ጋ ውሃ አታምጣብኝ" አለች፣ እውነቷን ነው። ውሃው ቀረ፣ ሲባጎው ይቆያል።

ልጆች ላይ መሞከር

አንዱ እንጨት ጫፍ ላይ ቀይ ወረቀት አሰርኩና ጠየቅኳቸው፣ ሞገዱ ሲሄድ ወረቀቱ የት ይደርሳል? አብዛኞቹ መጨረሻው ጋ ይሄዳል አሉ፣ አንዷ ትንሽ ብቻ ይገፋል አለች። ላክነው። ወረቀቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ቦታው ላይ ነው። አንዱ ልጅ ድጋሚ ይላክ ብሎ ወረቀቱ ስር መሬት ላይ ጣቱን አስቀመጠ፣ እንዳይሸወድ ነው። ሲያልፍም ከጣቱ በላይ ነበር፣ ጣቱን ሳያነሳ ሌላ ላክ አለኝ።

ቦዬ፣ ጅማ አጠገብ ያለው ውሃ ጋ፣ የሄደ ልጅ ካለ ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ ሄደዋል፣ ውሃው ላይ የተቀመጠ ወፍ ሞገድ ሲያልፍበት እንዴት እንደሚሆን አስታወሱ፣ ከፍ ይላል ዝቅ ይላል እንጂ ከሞገዱ ጋር ዳር አይወጣም። ይሄን ጽሑፉ ላይ ማስገባት ፈልጌ ነበር፣ ቦታ አልበቃኝም።

ስለዚህ ሁለት ግስ ያስፈልጋል፣ አንዱ ለእንጨቱ አንዱ ለሞገዱ። ለእንጨቱ ተወዛወዘ ይሆናል፣ ባለበት ነው። ለሞገዱ አልፎ ሄደ። "እንጨቶቹ ባሉበት ይወዛወዛሉ፣ ሞገዱ ግን አልፎ ይሄዳል።" ጥሩ ነው ግን ሁለቱ ምን እንደሚያገናኛቸው አይናገርም፣ እንዴት ነው የሚያልፈው?

አናጢው ጋ

መቆሚያውን የሚሠራልኝ ሽማግሌ በርጩማ የሚፈለፍሉ ናቸው፣ የጅማ በርጩማ የሚታወቀውን። ማሽኑን ጠቅልዬ ወስጄ ልኬት እንዲወስዱ ስወጥረው አንዴ ነካ አድርገው አዩትና፣

"ይሄ ምኑ ነው?" አሉኝ።

"ጋሼ ሞገድ ነው፣ እንጨቱ ሳይሄድ ነገሩ የሚሄድበት።"

"ታዲያ ይቀባበሉታል አትልም? አንተ ልጅ ታበዛለህ።"

ተቀባበለ ወረቀቶቼ ውስጥ አልነበረም፣ ምክንያቱም የእንቅስቃሴ ግስ ብቻ ነበር የምፈልገው። ግን ጡብ ሲጫን ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ የሚያደርጉት እኮ ይሄው ነው፣ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም ጡቡ መኪናው ላይ ይደርሳል። ዱላ ቅብብል ግን አይደለም፣ እዛ ሯጩም ይሮጣል። ደግሞ በዝርዝሩም ይገባል፣ ባበ የሚለው ተደግሟል።

መቆሚያው 900 ብር ጠየቁኝ፣ በ750 ተስማማን፣ ሞራሌውን እኔ አምጥቼ። ሞርሳ የሚተካ የእንጨት መቆንጠጫ ሁለቱ ጫፍ ላይ ይሠራሉ፣ አንደኛው የሚፈታ።

የመጨረሻው ጽሑፍና የቀረ ሥራ

"አንዱን እንጨት ንካ። እንጨቶቹ ባሉበት ይወዛወዛሉ፣ እንቅስቃሴውን ግን ይቀባበላሉ። አልፎ የሚሄደው ሞገድ ይባላል።" ይሄው ነው፣ ከዚህ በላይ ልጅ ቆሞ አያነብም። እህታችን "ንካ" የሚለውን "ንካ/ንኪ" አድርገው ብላኛለች፣ ተስተካክሏል።

አንድ ነገር ሆን ብዬ ትቻለሁ። እጅህን በተወሰነ ምት ብታንቀሳቅስ የሚሄደውና የሚመለሰው ተደራርበው ቋሚ ሞገድ ይሆናል፣ አንዳንድ እንጨቶች ጨርሶ አይንቀሳቀሱም፣ መሀላቸው ያሉት በጣም ይወዛወዛሉ፣ አልፎ የሚሄድ ነገር በዓይን አይታይም። ያኔ ጽሑፉ ውሸት ይመስላል። ትልልቆቹ ልጆች ራሳቸው አግኝተውት መጥተው ቢጨቃጨቁኝ ይሻለኛል።

ለኦሮምኛው ደምበሊ የሚለው ስም ላይ ችግር የለም፣ ግሱን የሚመርጠው ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ጓደኛዬ ነው፣ የኔን አማርኛ እንዳይተረጉም ነግሬዋለሁ፣ ማሽኑን አይቶ ይጻፍ።

የቀረ፦ ስኮቹ በዚህ እርጥበት እየለቀቀ ነው፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት ከጫፉ በኩል፣ በጨርቅ ስኮች ደግሜ እሠራዋለሁ፣ እሱ ጥቅሉ 200 ብር ነው የተባልኩት። ሞርሳዎቹ ተመልሰዋል። ዳዶ አራት ፍሬ ጎድሏል፣ ልጆች ኪስ ውስጥ ነው የሚሆነው።